ጆንስተን፦ ትእዛዝ ሳትጠብቅ ወደ ጠላት የዞረችው መርከብ

በጦርነት ስለ ሰመጡ መርከቦች ሲወራ ሁሌም የሚጠሩት ትልልቆቹ ናቸው። ቢስማርክ፣ ሁድ፣ ያማቶ፣ አሪዞና። ሁሉም ሊወራላቸው የሚገባ ናቸው። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘችኝ አንዲት ትንሽ መርከብ ናት። ስሟ ጆንስተን ይባላል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዲስትሮየር ነበረች፣ የሰመጠችውም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1944 ፊሊፒንስ ውስጥ ከሳማር ደሴት በስተምሥራቅ ነው። በአገልግሎት ላይ የቆየችው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ሁለት ቀን ጎድሎታል።

ታሪኳ ሲነገር ብዙ ጊዜ የዳዊትና የጎልያድ ታሪክ ይሆናል። ትንሿ መርከብ፣ ግዙፉ ጠላት፣ ጀግናው ካፒቴን፣ ከዚያ ተአምር። ጀግንነቱን አልክድም፤ ይህን ታሪክ አንብቦ መካድ የሚችልም አይመስለኝም። ግን እንደ ተአምር ብቻ ሲወራ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች በዚያ ጠዋት የሠሩት ሥራ ተሰልቶ የተሠራ፣ ለወራት ሲለማመዱት የኖሩት ሥራ ነው። ተአምር ካልነው ድካማቸውን ወሰድንባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከሥሩ ላውራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ መጠኗ። ዲስትሮየር ማለት ፈጣንና ቀላል የጦር መርከብ ነው። ሥራው ትልልቆቹን ማጀብ፣ ሰርጓጅ መርከብ ማደን፣ አውሮፕላን መከላከል ነው። ጆንስተን ፍሌቸር የሚባለው ዓይነት ነበረች። ርዝመቷ ወደ 115 ሜትር፣ ክብደቷ ሳትጫን 2,100 ቶን ገደማ፣ ፍጥነቷ ከ35 ኖት በላይ፣ ማለትም በሰዓት 65 ኪሎሜትር አካባቢ። አምስት ባለ 127 ሚሊሜትር መድፎችና አሥር ቶርፔዶዎች፣ ማለትም በውሃ ውስጥ እየሄዱ የሚመቱ ፈንጂዎች፣ ነበሯት። የጎኗ ብረት ስስ ስለሆነ መርከበኞቹ ራሳቸው እንዲህ ያሉትን መርከቦች ‹ቆርቆሮ› እያሉ ነበር የሚጠሯቸው።

በዚያ ጠዋት ከፊቷ የቆመችው ያማቶ ደግሞ እስከ ዛሬ ከተሠሩት የጦር መርከቦች ሁሉ ትልልቆቹ መድፎች የነበሯት የጃፓን ባትልሺፕ ናት፤ ባትልሺፕ ማለት ወፍራም ብረት የለበሰ ግዙፍ የጦር መርከብ ነው። ዘጠኝ ባለ 460 ሚሊሜትር መድፎች። ከነሙሉ ጭነቷ ከ70,000 ቶን በላይ ትመዝናለች። ሦስት ሦስት መድፍ ከሚሸከሙት ሦስት ግንቦቿ አንዱ ብቻውን ከባዶዋ ጆንስተን ይከብዳል። የጆንስተን አንድ ጥይት ወደ 25 ኪሎ ነው፤ የያማቶ አንድ ብረት በሺ ጥይት ወደ 1,460 ኪሎ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአእምሯችሁ ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጉናል።

የመርከቧ አዛዥ ኮማንደር ኧርነስት ኤቫንስ ይባላል። በ1908 ኦክላሆማ ውስጥ ፓውኒ በምትባል ከተማ የተወለደ፣ የቼሮኪና የክሪክ ነባር ሕዝቦች ደም ያለበት ሰው ነው። በተራ መርከበኝነት ተቀጥሮ ነው ወደ ባሕር ኃይል የገባው፤ ከዚያ የመኮንኖች አካዳሚ ገብቶ በ1931 ተመረቀ። በ1942 መጀመሪያ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የሆላንድና የአውስትራሊያ መርከቦች በጃቫ ባሕር ላይ በጃፓኖች ክፉኛ ሲመቱ እሱ አልደን በምትባል አሮጌ ዲስትሮየር ላይ ነበር። አልደን ከዚያ ሸሽታ ነው የተረፈችው። ኦክቶበር 27 ቀን 1943 ሲያትል ላይ ጆንስተንን ሲረከብ ለሠራተኞቹ ያላቸው ነገር በባሕር ኃይሉ ታሪክ የታወቀ ነው፦ ይህች የውጊያ መርከብ ትሆናለች፣ እኔ አደጋ ወዳለበት ልሄድ ነው፣ አብሮኝ መሄድ የማይፈልግ አሁኑኑ ይውረድ አለ። ማንም አልወረደም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት መርከቧ ክዋጃሌይንንና ጓምን በመድፍ ደበደበች፣ በሜይ 1944 ከሌሎች ሁለት ዲስትሮየሮች ጋር ሆና አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አሰመጠች። ማለትም ሳማር ላይ የደረሱት ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም።

እንዴት ብቻቸውን ቀሩ የሚለው ራሱን የቻለ ረጅም ታሪክ ነው፣ ባጭሩ ልለፈው። ጄኔራል ማክአርተር ኦክቶበር 20 ሌይቴ ደሴት ላይ ጦሩን አወረደ። ጃፓኖች ይህን ለማክሸፍ የቀራቸውን ባሕር ኃይል በሙሉ ከፋፍለው ላኩ። አንደኛው ክፍል ከሰሜን የመጡ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ነበሩ፤ ብዙ አውሮፕላን አልነበራቸውም፣ ሥራቸው ማጥመጃ መሆን ነበር። የአሜሪካው አድሚራል ሃልዚ ማጥመጃውን ዋጠ። ኃይለኛውን ሦስተኛ መርከብ ጦር ይዞ ወደ ሰሜን ሲሄድ የሳን በርናርዲኖ ወሽመጥን የሚጠብቅ አንድም መርከብ አላስቀረም። በዚያ በተከፈተ በር የጃፓኑ አድሚራል ኩሪታ በሌሊት አለፈ፦ አራት ባትልሺፕ፣ ስድስት ከባድ ክሩዘር (ክሩዘር ከባትልሺፕ የሚያንስ፣ ከዲስትሮየር የሚበልጥ የጦር መርከብ ነው)፣ ሁለት ቀላል ክሩዘር፣ አሥራ አንድ ዲስትሮየር። ድምር 23 መርከብ።

ሲነጋ ከፊቱ ያገኘው በአካባቢው ከነበሩት ሦስት ታፊ የሚባሉ የአሜሪካ ቡድኖች አንዱን፣ ታፊ 3ን ነው። ስድስት ትንንሽ አውሮፕላን ተሸካሚዎች፣ ሦስት ዲስትሮየሮች (አንዷ ጆንስተን ናት)፣ አራት ደግሞ ከዲስትሮየርም የሚያንሱ አጃቢ መርከቦች። የተሸካሚዎቹ ፍጥነት ከ18 ወይም 19 ኖት አይበልጥም፤ እያንዳንዳቸው ያላቸው መድፍ አንድ ብቻ ነው። አውሮፕላኖቻቸው የታጠቁት በየብስ ያለን እግረኛ ጦር ለመርዳትና ሰርጓጅ ለማደን ነው እንጂ ባትልሺፕ ለመምታት አይደለም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ58 ገደማ ጃፓኖች ተኩስ ከፈቱ። ጥይቶቹ ባሕሩ ላይ ሲወድቁ የሚያስነሱት የውሃ ዓምድ ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ነበር። ምክንያቱም የጃፓን መርከቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥይት የት እንደወደቀ ለመለየት ጥይታቸው ውስጥ ቀለም ይጨምራሉ። አንድ አሜሪካዊ መርከበኛ ይህን አይቶ በቴክኒከለር፣ ማለትም እንደ ባለ ቀለም ሲኒማ፣ እየተኮሱብን ነው ብሎ ጮኸ ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። የቡድኑ አዛዥ አድሚራል ስፕሬግ ተሸካሚዎቹን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አውሮፕላን ማስነሳት ጀመረ፤ አጃቢዎቹ የጭስ መጋረጃ እንዲዘረጉ አዘዘ። ጆንስተን ጭሱን እየዘረጋች ሳለ፣ 1 ሰዓት ከ10 አካባቢ፣ ኤቫንስ ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ መርከቧን ወደ ግራ አዞረና በሙሉ ፍጥነት በቀጥታ ወደ ጃፓኖቹ ነዳት። ብቻውን።

ብዙ ሰው ይህን እንደ እብደት ወይም እንደ መስዋዕትነት ያየዋል። እስቲ በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ተሸካሚዎቹ ከ18 ኖት በላይ አይሮጡም፣ የጃፓን ክሩዘሮች ከ30 ኖት በላይ ይሮጣሉ። ሽሽት ብቻውን አያዋጣም፣ ያልቃሉ። ጭስም ለዘላለም አይሸፍንም። ጠላትን የሚያዘገየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠላት ራሱ ለመዞር መገደዱ። ትልቅ መርከብ እንዲዞር የሚያስገድደው ደግሞ ቶርፔዶ ነው። 127 ሚሊሜትሩ መድፍ የባትልሺፕ ብረት አይበሳም፤ ቶርፔዶ ግን ከውሃ በታች ገብቶ የትኛውንም መርከብ ይጎዳል፣ ባይመታ እንኳ የመጣበት ሁሉ መንገዱን ቀይሮ መሸሽ አለበት። ጆንስተን አሥር ቶርፔዶ አላት። ግን ለመተኮስ ወደ 9 ኪሎሜትር መጠጋት ያስፈልጋል። ሌሎቹ እስኪሰባሰቡ ብትጠብቅ የጃፓን ተኳሾች ርቀቱን እያስተካከሉ ይሄዱና ሳትተኩስ ልትመታ ትችላለች። ጃፓኖቹ ገና ከጉዞ አሰላለፍ ወደ ውጊያ አሰላለፍ እየተቀየሩ፣ እርስ በእርሳቸው እየተደነባበሩ ባሉበት በዚያች ቅጽበት መግባት ከሁሉም ይሻል ነበር። ኤቫንስ ይህንን ለማሰብ የነበረው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። እኔ ጀግንነቱን የማየው እዚህ ጋ ነው። ሞት እያየ ሒሳቡን በትክክል ሠራ።

መንገዱንም ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ዘዴው ጥይት ወደ ወደቀበት ቦታ መሄድ ነው፤ ተኳሹ ሳተሁ ብሎ ስለሚያስተካክል ቀጣዩ ጥይት እዚያው ቦታ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ጆንስተን የውሃ ዓምዶቹን እያሳደደች፣ ወደ አንዱ ስትደርስ ወደ ሌላው እየዞረች ቀረበች። ለእኔ ይህን ሳነብ ልቤ የሚቆመው በሞተር ክፍል ውስጥ ያሉትን ሳስብ ነው። እነሱ ምንም አያዩም። መርከቧ ወዲህና ወዲያ ስትጣል፣ ከውጭ የፍንዳታ ድምፅ ሲመጣ፣ ዝም ብለው የእንፋሎቱን ግፊት መጠበቅ ነው ሥራቸው።

ወደ 16 ኪሎሜትር ተኩል ስትደርስ ተኩስ ከፈተች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ200 በላይ ጥይት ኩማኖ በምትባል ከባድ ክሩዘር ላይ አዘነበች። የተኩስ ኃላፊው ሌተናንት ሮበርት ሄገን ነበር። ያ ሁሉ ጥይት ዒላማውን ያገኘው በአጋጣሚ አይደለም። የአሜሪካ ዲስትሮየሮች ከድልድዩ፣ ማለትም አዛዡ ቆሞ መርከቡን ከሚመራበት ቦታ፣ በላይ ራዳር የተገጠመለት የተኩስ መቆጣጠሪያ ማማ ነበራቸው፣ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ደግሞ በጥርስና በዘንግ የሚሠራ ማስያ ማሽን። ማሽኑ የጠላትን ርቀት፣ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የራስን መርከብ ፍጥነትና መወዛወዝ፣ ነፋሱን ሁሉ አንድ ላይ አስልቶ መድፎቹን ራሱ ያዞራቸዋል። መርከቧ እየተጠማዘዘች እንኳ መድፎቹ ዒላማቸውን አይለቁም። ጃፓኖች በዓይን መነጽር የመለካት ችሎታቸው እጅግ የሠለጠነ ነበር፣ ግን በጭስና በዝናብ ውስጥ መነጽር ምን ያደርጋል? በዚያ ጠዋት ሁለቱም ነበሩ። እዚህ ላይ ነው ‹ትንሿ ትልቁን አሸነፈች› የሚለው አባባል የሚጎድለው። በዚህ አንድ ነገር ትንሿ ትበልጥ ነበር።

9 ኪሎሜትር ላይ አሥሩንም ቶርፔዶ ለቀቀችና ዞራ ወደ ራሷ ጭስ ገባች። ከጭሱ ስትወጣ ኩማኖ እየነደደች ነበር። የፊት አፍንጫዋ በቶርፔዶ ተቆርጦ ከውጊያው ወጣች። አንድ ዲስትሮየር ብቻዋን የጃፓንን የክሩዘር ቡድን መሪ መርከብ ከጦርነቱ አስወጣች ማለት ነው።

1 ሰዓት ከ30 ላይ ግን ዋጋው መጣ። ሦስት ትልልቅ ጥይቶች፣ ከዚያ ወዲያው ሦስት ትንንሾች መቷት። ትልልቆቹ የማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ለረጅም ጊዜ የኮንጎ የምትባለው ባትልሺፕ ናቸው ሲባል ቆይቶ የቅርብ ጊዜ አጥኚዎች የያማቶ ናቸው ይላሉ። የኋላው ሞተር ክፍል ጠፋ፣ ፍጥነቷ ወደ 17 ኖት ወረደ፣ ለኋላ መድፎችና ለመሪው የሚሄደው ኃይል ተቋረጠ። ድልድዩ ላይ ብዙ ሰው ሞተ። የኤቫንስ ሸሚዝ ተቀዶ ተጣለ፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር አሁን ይሥራ። 1,460 ኪሎ የሚመዝን ጥይት መትቷት መርከቧ ለምን ወዲያው አልተበታተነችም? ጥይቱ የተሠራው ወፍራም ብረት በስቶ ውስጥ ገብቶ እንዲፈነዳ ነው። ፊውዙ፣ ማለትም ማፈንጃው፣ ጠንካራ ነገር ካላገኘ ቶሎ አይነሳም። የዲስትሮየር ስስ ቆርቆሮ ደግሞ ምንም አልሆነበትም፤ በአንድ ጎን ገብቶ ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ በሌላው ይወጣል። በዚያ ጠዋት የአሜሪካ ትንንሽ መርከቦች ያን ያህል የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጃፓኖች ከብረት ለበስ መርከቦች ጋር የሚዋጉ መስሏቸው ነበርና ብረት በሺውን ጥይት መተኮስ ቀጠሉ።

ከዚያ ዶፍ ዝናብ መጣና ሸፈናት። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰዎቹ የኤሌክትሪክ መስመር ቀጠሉ፣ መድፎችን አስነሡ፣ ቁስለኛ አነሡ። ስፕሬግ አጃቢዎቹ ሁሉ የቶርፔዶ ጥቃት እንዲያደርጉ ሲያዝ ጆንስተን ግዴታዋን ጨርሳ ነበር። ቶርፔዶ የላትም፣ አንድ ሞተር ነው የቀራት። ኤቫንስ ግን ሆኤል፣ ሂርማንና ሳሙኤል ቢ. ሮበርትስ ወደ ጠላት ሲነዱ ከኋላቸው ተከተለ፣ ቢያንስ በመድፍ ልርዳቸው ብሎ። ይህንን ውሳኔ ከመጀመሪያውም አብልጬ ነው የማደንቀው። መጀመሪያ ሲዞር የሚጠብቀውን አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ያውቃል።

ቀጣዩን አንድ ሰዓት ተኩል ቅደም ተከተሉን ሳልጠብቅ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚያ የነበሩትም ያስታወሱት ተደባልቆ ነው። ጭስ ውስጥ ከሂርማን ጋር ልትጋጭ ለጥቂት ተረፈች። ኮንጎ ከጭሱ ውስጥ በስድስት ኪሎሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብቅ ስትል ጆንስተን በ40 ሰከንድ 30 ጥይት ተኩሳባት ተመልሳ ተደበቀች። ጋምቢየር ቤይ የምትባለው ተሸካሚ በአንዲት ክሩዘር ስትደበደብ ኤቫንስ ተኩሱን ወደ ራሱ ለመሳብ ወደ ክሩዘሯ ተኮሰ፤ ክሩዘሯ ግን ንቃው ቀጠለች፣ ጋምቢየር ቤይም ሰመጠች። ከዚያ ያሃጊ የምትባለዋ ቀላል ክሩዘር የዲስትሮየር ቡድን እየመራች በተሸካሚዎቹ ላይ ቶርፔዶ ለመልቀቅ ስትጠጋ ጆንስተን መሀል ገባች። ግማሽ ሞተር ያላት መርከብ ከአንድ ሙሉ ቡድን ፊት ለፊት። ያሃጊን ደጋግማ መታቻት፣ ያሃጊ ዞረች፣ ዲስትሮየሮቹም ቶርፔዷቸውን ከሩቅ፣ ያለ ጊዜው ለቀቁ። አንዱም አልመታም። ኤቫንስ ይህን ሲያይ በደስታ ድልድዩ ላይ ይንጎራደድ ነበር ይላሉ ያዩት።

በመጨረሻ ድልድዩ ሊቆምበት አልቻለም። ወደ መርከቧ ጭራ ሄዶ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ወደ ታች እየጮኸ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር፣ ከታች ያሉት ሰዎች ደግሞ መሪውን በእጃቸው ጉልበት እየገፉ ያዞራሉ። መሪውን በዚህ ሁኔታ መያዝ እጅግ አድካሚ ስለሆነ ሰዎቹ በየጥቂት ደቂቃው ይቀያየሩ ነበር።

3 ሰዓት ከ11 ላይ ኩሪታ መርከቦቹ ወደ ሰሜን እንዲመለሱ አዘዘ። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ለሰማንያ ዓመት ለምን ተመለሰ እያሉ ይከራከራሉ። አንድ መልስ የለውም። ሰውየው ከሁለት ቀን በፊት የሚመራባት መርከብ በሰርጓጅ ተመታ ከሥሩ ሰምጣ ከባሕር ውስጥ ነው የወጣው፣ በማግስቱ የያማቶ እኅት ሙሳሺ በአውሮፕላን ድብደባ ዓይኑ እያየ ሰምጣለች፣ እንቅልፍ አልተኛም። ትንንሾቹን ተሸካሚዎች ትልልቆቹ መስለውት ነበር። ከሦስቱም ታፊ ቡድኖች የመጡ አውሮፕላኖች ያለማቋረጥ ይመቱት ነበር፤ ቦምባቸውን የጨረሱት ሳይቀሩ ዝም ብለው የሚያጠቁ እየመሰሉ ይወርዱበታል። ያማቶ ራሷ በግራና በቀኝ በሚሄዱ ቶርፔዶዎች መሀል ገብታ ወደ ሰሜን ለአሥር ደቂቃ ያህል እየሸሸች ከውጊያው ርቃለች፣ ኩሪታም ከዚያ በኋላ ውጊያውን በደንብ አላየውም። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ጆንስተን ብቻዋን ኩሪታን አልመለሰችም፣ ያለ እሷ ግን ኩሪታ የሚያየው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ትንሽ መርከብ እንዲህ አያጠቃም፤ ያጠቃው እንግዲህ ክሩዘር መሆን አለበት፣ ክሩዘር ካለ ከኋላው ትልቅ ኃይል አለ። ስሌቱ እንዲህ ሄደ ብዬ አምናለሁ።

ለጆንስተን ግን ዘግይቷል። ሁለተኛው ሞተሯም ሞቶ ስትቆም የጃፓን ዲስትሮየሮች እየዞሩ ደበደቧት። 3 ሰዓት ከ45 ላይ ኤቫንስ መርከቧን ልቀቁ አለ። 4 ሰዓት ከ10 ላይ ተገልብጣ ሰመጠች። ከተረፉት አንዳንዶቹ አንድ የጃፓን ዲስትሮየር ቀርቦ ሲያልፍ አዛዡ እየሰመጠች ላለችው መርከብ ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጥ አይተናል ብለዋል።

ከ327 ሰዎች 186ቱ አልተመለሱም። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 50 የሚሆኑት በተኩሱ የሞቱ ናቸው። ወደ 45 የሚሆኑት በነፍስ አድን ታንኳዎች ላይ በቁስላቸው ሞቱ። ወደ 90 የሚሆኑት ደግሞ መርከቧ ስትሰምጥ በሕይወት ውሃ ውስጥ ነበሩ፣ ከዚያ ማንም አላያቸውም። ኤቫንስ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ረጋ ብላችሁ እዩአቸው። ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ከውጊያው በኋላ ነው። የተዘገበው የመስመጫ ቦታ የተሳሳተ ስለነበር አፈላላጊዎች ሌላ ቦታ ላይ ነው የፈለጉት። የሆኤልም፣ የሳሙኤል ቢ. ሮበርትስም፣ የጋምቢየር ቤይም ሰዎች እንዲሁ። ሁለት ሌሊት በጨው ውሃ ውስጥ፣ በነዳጅ ተለውሰው፣ ያለ መጠጥ ውሃ፣ ሻርክ እየዞራቸው ቆዩ። የተገኙት ኦክቶበር 27 ጠዋት ነው፤ ያ ቀን ጆንስተን አገልግሎት የጀመረችበት አንደኛ ዓመት ነበር። የጀግንነቱን ክፍል በሰፊው አውርቶ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ጽሑፍ ሳነብ ያመኛል። አንድ ሙሉ የመርከብ ጦር ያተረፉ ሰዎች ናቸው፣ በአቅራቢያቸው በመቶ የሚቆጠሩ የራሳቸው ወገን መርከቦች እያሉ በቸልተኝነትና በተዛባ መልእክት ሞቱ። ሃልዚ በሩን ክፍት ትቶ በመሄዱ ብዙ ተወቅሷል፣ በሚገባም ነው። ለፍለጋው ዝርክርክነት ግን ያን ያህል የተወቀሰ ሰው የለም።

ኤቫንስ ከሞተ በኋላ የክብር ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የባሕር ኃይል ነባር አሜሪካዊ እሱ ነው። ታፊ 3 በሙሉ የፕሬዚዳንቱን የክፍል ምስጋና አገኘ። ለባሕር ኃይል ታሪክ ግን ከሽልማቱ በላይ የሚመዝን ነገር አለ። ሳማር ባትልሺፖች በመድፍ ከጠላት መርከብ ጋር ከተዋጉባቸው የመጨረሻዎቹ ቀኖች አንዱ ነው። ያማቶ በጠላት መርከብ ላይ መድፏን የተኮሰችው በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ በአፕሪል 1945 ኦኪናዋን ልታድን ስትወጣ አውሮፕላኖች አሰመጧት፣ ከ3,000 በላይ የሚሆኑ የራሷም ሰዎች ከእሷ ጋር ሄዱ። ከኋላ ሆነን ስናየው ራዳርና ማስያ ያላት ቀላል መርከብ ከግዙፉ ብረት ለበስ ይልቅ ለሚመጣው ዘመን ትቀርብ ነበር። ዛሬ በዓለም ባሕር ኃይሎች ዋናው የውጊያ መርከብ ዲስትሮየርና ፍሪጌት ነው፣ ባትልሺፕ በአገልግሎት ላይ ያለው ማንም የለም።

በ2019 የምርምር መርከቧ ፔትሬል የስብርባሪ ክምር አገኘች። በማርች 2021 ቪክቶር ቬስኮቮ የሚባል አሜሪካዊ በሰርጓጅ ወርዶ ዋናውን አካል አገኘ፣ ወደ 6,460 ሜትር ጥልቀት ላይ። የፊቷ ሁለት ሦስተኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጎኗ ላይ 557 የሚለው ቁጥር ይነበባል። በዚያን ጊዜ ሰው ወርዶ ከጎበኛቸው የመርከብ ስብርባሪዎች ሁሉ ጥልቁ ይህ ነበር፣ በ2022 የሳሙኤል ቢ. ሮበርትስ 6,895 ሜትር ላይ እስክትገኝ ድረስ። ቡድኑ ምንም ሳይነካ፣ የአበባ ጉንጉን አኑሮ ተመለሰ። ትክክል ነው የሠሩት፤ መቃብር ነው።

በ2023 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንዲት አዲስ ዲስትሮየር በኤቫንስ ስም እንደምትሰየም አስታወቀ። ደስ ብሎኛል። ግን ዝናው ከጆንስተንና ከሮበርትስ አልፎ ሆኤል ጋ አለመድረሱ ይከነክነኛል። ሆኤልም በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ባሕር፣ ወደነዚያው ባትልሺፖች ነድታለች። ከ40 ጊዜ በላይ ተመታ ከጆንስተን አንድ ሰዓት ከሩብ ቀድማ ሰመጠች፣ ከሰዎቿም የተረፉት 86 ብቻ ናቸው። አዛዧ ሊዮን ኪንትበርገር ከተረፉት አንዱ ስለነበር የጻፈው ሪፖርት አለ፣ ስለ ሠራተኞቹ የጻፈውም ከየትኛውም ሽልማት ይበልጣል፦ የሚጠብቃቸውን በሚገባ እያወቁ ሥራቸውን በእርጋታና በብቃት ሠሩ፣ መርከባቸው ከሥራቸው በተኩስ እስክትጠፋ ድረስ ይላል። ቀጣዩ ጽሑፌ ስለ እሷ ነው።